ሃያ ሦስቱ ዋሶች

ይህን ገጠመኝ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም። ምስጢር ሆኖ አይደለም። በዚያ ቀን በእህል መጋዘኑ በር ላይ ብዙ ሰው ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ያልተናገርኩት፣ ታሪኩን ከጀመርኩ እኔ የት ቆሜ እንደነበር መናገር ስላለብኝ ነው።

አስቀድሜ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስረዳ። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ አሰላ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የማስተምረው አምስተኛ ክፍልን ነው፤ ሒሳብና አማርኛ። ሥርዓት እወዳለሁ። ሰሌዳው ላይ ቀኑ በማስመሪያ ተሰምሮበት ካልተጻፈ ትምህርት አልጀምርም። ማስረዳትም እወዳለሁ። ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ፣ «መምህር፣ አንተ እኮ ደህና አደሩ ስትል እንኳ ምክንያቱን ትጨምራለህ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ለእህል ተሸካሚዎች ፊደል አስተምር ነበር። መጋዘኑ ከትምህርት ቤታችን በታች፣ አውራ ጎዳናው ዳር ነው። ከሁሩታም ከሌላውም ደጋ የመጣው ገብስ፣ ስንዴና ተልባ እዚያ ይከማችና በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መኪናው ላይ የሚያወጣው የሰው ጫንቃ ነው። አንድ ሰው አንድ ኩንታል በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ከመሬት እስከ መኪናው ጀርባ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ይወጣል፤ ባዶውን ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል።

አቀጣጠሩንም ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና። የተቀጠረ የሚባል ሰው አልነበረም። ማለዳ ካቦው በሩ ላይ ቆሞ በበትሩ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» እያለ ይለያል። የተለየው ይገባል፤ ያልተለየው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስማቸው የትም አልተጻፈም። ድርጅቱ፣ ለምሳሌ ከተማሪዎቼ አንዱ የነበረው ቱፋ፣ ቱፋ መሆኑን እንጂ የማን ልጅ፣ የማን አማች፣ የማን ጭሰኛ ዘመድ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ኅዳር ላይ ሳንቃው ተሰበረ። በላዩ ላይ የነበረው ከድር የሚባል ጎልማሳ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ ዝምተኛ ሰው። ወደቀና ጆንያው ዳሌው ላይ አረፈ። ወጌሻ አሸው፤ ቆሞ መሄድ ቻለ፤ ግን በምርኩዝ ነው። መሸከም ስለማይችል በበር ዘበኝነት እንዲያስገቡት ለመነ። «አንተን አናውቅህም» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ስሙ የትም አልነበረም። የተሰበረውን ሳንቃ በሽቦ አስረው ሥራው ቀጠለ።

ከተማሪዎቼ በዕድሜም በክብርም ትልቁ ቱፋ ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። በጎረምሳነቱ ቆላ ወርዶ ሸንኮራ እርሻ ላይ ሠርቷል፤ እዚያ ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡና አለቆች ሲሯሯጡ አይቷል። እኔን «ባርሲሳ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እሱ «አንተ» ይለኛል፤ ለሁለታችንም ተገቢ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስለ አሠሪና ሠራተኛ አዲስ አዋጅ መውጣቱን ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። እሑድ ወደ ክፍል ይዤው ሄድኩና ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችል፣ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል በዝርዝር አስረዳኋቸው። ሃያ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ሌላ ከድርም ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ስጨርስ ቱፋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኛስ አስበናል፣ ባርሲሳ። ጭነት በሚበዛበት ቀን እርጥብ ሣር ይዘን በር ላይ እንቀመጣለን። መኪናው ይቆማል። ጌታው ይወጣል። ምን ሆናችሁ ይላል። ከድርን ዘበኛ አድርግልን፣ ሳንቃውን ለውጥልን እንለዋለን። አለቀ።»

በአርሲ ሣር የያዘ ሰው ጠብ አልፈልግም ማለቱ ነው፤ ሣር የያዘን የሚመታ የለም። መልካም ሐሳብ ነበር። አሁን ሳስበው ከመልካምም በላይ ነበር።

«አያልቅም፣ ኦቦ ቱፋ» አልኩ። «አንደኛ፣ በቃል የተነገረ ይካዳል። ሁለተኛ፣ እናንተ ማን ናችሁ ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?»

«ማን እንደሆንን ጆንያው ያውቃል» አለ ሙላት። ከከምባታ የመጣ ቀልደኛ ልጅ እግር ነው። ሁሉም ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ሰሌዳው ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ በመጋዘኑ የሠራበት ዘመን፣ ዋስ።

«ዋስ ምን ያደርጋል?» አለ ቱፋ።

አስረዳሁት። ወዮልኝ፣ በደንብ አስረዳሁት። እኔ ስቀጠር ዋስ ጠርቻለሁ፤ አጎቴ ፈርመውልኛል። የትም ሥራ ቢሆን ዋስ የሌለው ሰው ቦዘኔ ነው የሚባለው። እናንተ ግን ስማችሁ ያልተመዘገበ ስለሆነ፣ በየስማችሁ አንጻር የተከበረ ሰው ቢቆም ማንም አናውቃችሁም ሊል አይችልም። ዋስ ያለው ሰው፣ ሰው ነው። እንዲህ አልኩ።

ቱፋ ሰሌዳውን አየው። «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም እየተጣደፉ መጡ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ሳምንቱን ሙሉ ሲለምን ሰንብቶ ዋስ አግኝቷል። አንዱ ባለሱቅ፣ አንዱ የመስጊድ ሽማግሌ፣ አንዱ ያሳደገውን ባለመሬት። ዋሶቹም «ልጁ ቋሚ ሥራ ሊይዝ ነው» ብለው በፍቅር ነው እሺ ያሉት።

«ለእኔ የሚዋስ ጠፍቶ አህያዬን ላስመዘግብ ነበር» አለ ሙላት፤ «ኋላ የከተማችን ልጅ፣ ጠጅ ቤት ያለው፣ እሺ አለኝ።»

«አህያዋ ትሻልህ ነበር፤ እሷ አትሰክርም» አለው ቱፋ።

አቤቱታውን በአንድ ገጽ፣ ስሞቹን በሁለተኛው ገጽ፣ በወፍራም ወረቀት፣ በማስመሪያ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ጻፍኩት። ቱፋ በተራ ቁጥር አንድ ሆኖ ስሙን ራሱ ጻፈ። ሌሎቹ የጣት አሻራቸውን አደረጉ። ቱፋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «የአንተስ ስም የት አለ?» አለኝ።

«እኔ የመጋዘኑ ሠራተኛ አይደለሁም። ሕጉ አይፈቅድም።»

«ኤየ» አለ። በኦሮምኛ እሺ ማለቱ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ማክሰኞ ቀን ሆነ። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። ሃያ ሦስቱ ሣራቸውን ይዘው በሩ ፊት በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። ከድር ከቱፋ አጠገብ ነው፤ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል። አራት የጭነት መኪናዎች ባዷቸውን ተሰልፈዋል። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ጎሚስታው ቤት ደጃፍ፣ ከሚያዩት ሰዎች ጋር ቆምኩ።

ካቦው በበትሩ መሬቱን እየደበደበ ጮኸ። ማንም አልተነሣም። አንድ ሹፌር ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ፣ «እናንተ፣ የማን ለቅሶ ነው?» አለ።

«የሳንቃው» አለ ሙላት። «ተዝካሩ ሳይወጣ በላዩ አንጨፍርም።»

ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ወጣ። ሸንቃጣ፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። ቱፋ ተነሥቶ ሣሩን ዝቅ አድርጎ አሳየውና ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠው። ሰውየው ቆሞ አነበበ። የመጀመሪያውን ገጽ ቶሎ ጨረሰ። ሁለተኛው ላይ፣ ስሞቹ ላይ፣ ቆየ። ጣቱ በአራተኛው ዓምድ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ ከማዶ ይታየኝ ነበር። እኔ ሞኙ ጽሑፌን እያደነቀ መሰለኝ።

«ደግ ነው» አለ። «ሥርዓት ያለው አቤቱታ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት መልስ እሰጣችኋለሁ። እስከዚያ በሰላም ተቀመጡ።»

በተቀመጡት ሰዎች መካከል የደስታ ጉርምርምታ ሆነ። ቱፋ በዓይኑ ፈለገኝና ራሱን ነቀነቀልኝ፤ «ወረቀትህ ሠራ» ማለቱ ነው። ከድር እንኳ ፈገግ አለ። የድርጅቱ ላንድሮቨር ከግቢው ወጥቶ ወደ ከተማ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ በሁሩታ መንገድ ሄደ። ባለሥልጣን ሊያመጡ ነው ብለን ተከራከርን። «ፖሊስ ቢሆንስ?» አለ ጎሚስታው። «ሣር የያዘ ሰው አይመታም» ብዬ ልማዱን አስረዳሁት።

ከስምንት ሰዓት በፊት ዘበኞች ከቢሮው ወንበር ማውጣት ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ወንበር ሲያልቅ አግዳሚ አመጡ። በሩ ፊት ደረደሩት። ላንድሮቨሩ መጥቶ ሲቆም ሽማግሌዎች ወረዱ። ከእነሱ ኋላ በእግር የመጡ ነበሩ፤ በበቅሎ የመጡም ነበሩ። መጀመሪያ የለየሁት ባለሱቁን ነው። ቀጥሎ የጠጅ ቤቱን ሰውዬ። ያን ጊዜ ገባኝ። የመጡት ዋሶቹ ናቸው።

ሁሉም አልመጡም፤ ግን በቂ ነበሩ። ከወንበሮቹ ይልቅ ወንበሮቹ ላይ ያሉት ፊቶች ያስፈሩ ነበር። የተቆጣ አልነበረም፤ ያፈሩ ነበሩ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ፣ ፀሐይ አይምታችሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ወረቀቴን ዘርግቶ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረ። «ሃያ ሦስተኛ። ዋሱ ማን ናቸው? አዎ፣ እርስዎ። ይህ ልጅ አድማ መትቷል። ሲዋሱት ለአድማ ነው እንዴ የተዋሱት?»

ባለሱቁ ተነሥቶ ተንተባተበ። እህሉን የሚሸጠው ለዚህ መጋዘን ነው። «እኔ ሥራ ሊይዝ ነው ብሎኝ… ልጄ፣ ተነሥ እንጂ። በአላህ ተነሥ።»

ሃያ ሦስተኛው ተነሣ። ሣሩን የት እንደሚጥለው ጠፋው፤ ኪሱ ከተተው።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። የደበደበ የለም። የተሳደበ የለም። በሙላት ላይ ሲደርስ የጠጅ ቤቱ ሰውዬ «ና ውጣ፣ አንተ ቀላል! ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ሙላት ተነሥቶ፣ «ብዬ ነበር፤ አህያዋ ትሻል ነበር» አለ። የሳቀ ግን አልነበረም፤ እሱም ሲሄድ ዓይኑን በክንዱ ይጠርግ ነበር። ዋሳቸው ያልመጣላቸውም የሌሎቹን አይተው፣ ነገ በአባቶቻቸው ደጅ የሚሆነውን እያሰቡ አንድ በአንድ ተነሡ። አገሬው እንዲህ ነው፤ በራሱ ላይ የመጣውን ይችላል፤ ዋሱን ማሳፈር ግን አይችልም። ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። አውቅም ነበር፤ ያወቅኩትን ነው ወረቀት ላይ አስምሬ የሰጠሁት።

በመጨረሻ ቱፋና በዝርዝሩ ያልተጻፈው ከድር ብቻ ቀሩ። የቱፋ ዋስ የሚስቱ አባት ነበሩ፣ ኦቦ ሁሴን የሚባሉ፤ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ። ከወንበሩ አልተቀመጡም፤ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ቱፋ» አሉት። «የማርሰው መሬት ጌታ ገብሳቸውን የሚሸጡት እዚህ ነው። መልእክት ደርሶኛል። ተነሥ አልልህም። ከድር ወንድምህ ነው። ብቻ ክረምት ሲገባ ከልጆቹ ጋር የት እንደምሄድ አንተ ንገረኝ።»

ቱፋ ወደ ከድር ዞረ። ከዚያ ሣሩን ከድር እጅ ላይ አስቀምጦ ተነሣ።

ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቱፋ ቀረበ።

«አንተን አልወቅስም። ይህ የአንተ ሥራ አይደለም። ይህን የጻፈ የተማረ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ንገረኝ፤ ነገ ሥራህ ግባ። ይህንንም» አለ ከድርን በአገጩ እያሳየ፣ «ዛሬውኑ ዘበኛ አደርገዋለሁ። በሰው ፊት ቃሌ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ እባክህ እዚህ ላይ ቁም። ከቱፋ እስከ እኔ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ብል ቃሉ በቀላሉ ይሰማ ነበር። ከድር ያን ማታ ለልጆቹ ሥራ አግኝቶ ይገባ ነበር።

ቱፋ ወደ እኔ አልዞረም። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ።

ሰውየው ፈገግ አለ። ከደረቱ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠው። «ጻፍ እስቲ።»

ቱፋ ወረቀቱን አግዳሚው ላይ ዘረጋ። ተንበርክኮ፣ ምላሱን እንደ ሕፃን አውጥቶ፣ ስሙን ጻፈ። ቆመና እስክሪብቶውን መለሰ።

«ቀሪውስ?»

«ቀሪውን ረሳሁት።»

ሹፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። ካቦው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከድር ብቻ ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። እኔም በዚያች ደቂቃ ምክንያቶቼን በተራ ቁጥር እደረድር ነበር። አንደኛ፣ ብታሰር ለእነሱ የሚጽፍላቸው አይኖርም። ሁለተኛ፣ ሰውየው ቃሉን ለመጠበቁ ማረጋገጫ የለም። ሦስተኛ፣ አስተማሪነቴ ለብዙ ሕፃናት ይጠቅማል። ሦስቱም ትክክል ነበሩ። አራተኛውን፣ እውነተኛውን፣ አልቆጠርኩትም፦ በማግሥቱ አጎቴን ጠርተው ወንበር ላይ ያስቀምጡብኛል ብዬ ነው የፈራሁት። እስር አይደለም የፈራሁት።

ከድርም ጠብቆ ጠብቆ ዓይኑን መለሰ።

በሳምንቱ ሌሎች ተሸካሚዎች መጡ። ሳንቃው ተለወጠ፤ አዲስ፣ ወፍራም ሳንቃ ነበር። ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ተመለሰ ማለት ነው። ቱፋ በካቦው በትር ተለይቶ አልገባም፤ ከዚያ በኋላ የትም መጋዘን አልገባም። እሑድ ክፍሌን ከፍቼ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ልዘጋ ስል የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ።

ከድር ነበር። ሰላምታውን አስረዘመ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ «ባርሲሳ፣ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ይፈልጋሉ አሉ» አለ። «መጋዘን ከበጠበጡት ነህ፤ ደሞዝ ያለው ሰው ዋስ አምጣ አሉኝ። ደሞዝ ያለው የማውቀው አንተን ነው። ብትፈርምልኝ?»

የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጁ ወዳጆች መሆናቸውን አውቃለሁ። ፊርማዬና የእጅ ጽሑፌ በአንድ ወረቀት ላይ እዚያ ቢገቡ፣ ከአቤቱታው ጽሕፈት ጋር ሊያስተያዩት…

«ነገ ና፤ እናየዋለን» አልኩት።

«ኤየ» አለ። ብዙ አመሰገነኝ። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ከቤቴ አልወጣሁም፤ ቢመጣ ምን እንደምለው አላውቅም ነበርና። አልመጣም። ኋላ እንደሰማሁት ልጆቹን ይዞ ወደ አቦምሳ፣ እህቱ ወዳለችበት ቆላ ወርዷል። በምን እንደሚኖር የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመት ሆነው። ዝውውር ጠይቄ እዚያው አርሲ፣ ጎበሳ ነኝ። «ምን ተማርክበት?» ትሉኝ ይሆናል፤ የእኔ ሙያ ሁልጊዜ ትምህርቱን በመጨረሻ መጭመቅ ነውና። የተማርኩት ይህን ነው፦ ድሆች ስማቸው ሳይጻፍ ሲኖሩ ሁልጊዜ ተረስተው ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ተሸሽገው ነው። እኔ ሄጄ ከመሸሸጊያቸው በቀይና በሰማያዊ ቀለም አወጣኋቸው፤ ከዚያም ራሴ ተሸሸግኩ። በፍርሃቴ ብቻ ብፈርድ ይቀለኝ ነበር። ፍርሃት የሁሉም ነው። እኔ ግን ከፍርሃቴ በፊት ኩራት ነበረኝ፤ ጉዳቱን ያመጣው እሱ ነው።

ተለወጥኩ ወይ? ባለፈው ወር ስለ ሠራተኞች ማኅበራት ትምህርት ሰጠሁ። ስለ ባቡር ሠራተኞች፣ ስለ ሸንኮራ እርሻው፣ ስለ አዋጁ በደንብ አስረዳሁ። ስጨርስ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ብርቱ ተማሪ እጇን አወጣች።

«የኔታ፣ በእኛ አገርስ፣ አሰላ ላይ፣ አድማ ተደርጎ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኳት።

እሷም ደብተሯ ላይ ጻፈችው።